ሸራውና ደንበኛው፤ ለወጣት ሠዓሊያን ስለሚሰጠው የንግድ ሥልጠና የቀረበ ሂስ

ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ የሚወጣ ወጣት ሠዓሊ የሠለጠነ እጅ ይዞ ይወጣል፤ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ በምን እንደሚኖር ግን አጥርቶ የነገረው የለም። የመስመርን ጠባይ፣ የብርሃንና የጥላን ዝምድና፣ የቀለምን ቅንብርና የሰውን አካል አቋም በዓመታት ትምህርት አጥንቷል። ሥዕሉን በስንት ብር እንደሚሸጥ፣ ጋለሪ ሥራውን ሲረከበው ምን ዓይነት ውል መፈረም እንደሚገባው፣ ሸራውን የገዛው ሰው ሥዕሉን በፖስት ካርድ አባዝቶ ሲቸበችበው ቢያገኝ ወዴት አቤት እንደሚል ግን አላጠናም። ለወጣት ሠዓሊያንና ቀራፅያን የሚሰጠው የንግድ ሥልጠና የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት የሚወስድ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ የባህል ተቋማት፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የሥራ ፈጠራ ማዕከላት ናቸው። ሠልጣኙ ወደ አዳራሹ ሠዓሊ ሆኖ ይገባል፤ «የፈጠራ ድርጅት ባለቤት» ተብሎ ይወጣል።

ይህን ነገር በሁለት ዓይነት አኳኋን መመልከት የተለመደ ነው። አንዱ ወገን ጥበብ ከገበያ ጋር ከተቆራኘች ረከሰች በማለት ሥልጠናውን ከነጭራሹ ይንቀዋል። ሌላው ወገን ደግሞ የሠዓሊው ችግር ሁሉ ከንግድ ዕውቀት ማነስ የመጣ ይመስል ሥልጠናውን እንደ ፍቱን መድኃኒት ያቀርበዋል። ከሁለቱም ወገኖች ሥልጠናው የቆመበትን መጽሐፍ ገልጦ ያነበበ ብዙ ሰው አይገኝም። መጽሐፍ እስከሆነ ድረስ ግን እንደ ማናቸውም ድርሰት የሚነበብና የሚተች ነው፤ የሚናገረው አለ፣ ሳይናገር የሚያልፈውም አለ።

በዓለም ላይ ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና በሰፊው ካገለገሉት መጻሕፍት አንዱ፣ ኔስታ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የብሪታንያ ተቋም ያሳተመው የፈጠራ ድርጅት መምሪያ ነው። ኔስታ እ.ኤ.አ. በ1998 ከብሔራዊ ሎተሪ በተገኘ ገንዘብ የተቋቋመ ነው። ብሪቲሽ ካውንስልም በተለያዩ አህጉራት ባካሄዳቸው ሥልጠናዎች መምሪያውን ተገልግሎበታል። መምሪያው በአራት ደብተሮች የተከፈለ ሲሆን ሠልጣኙ በገዛ እጁ የሚሞላቸው የሥራ ወረቀቶች አሉት። የአቀራረቡ ብልሃት አይካድም። ስለ ትርፍና ኪሳራ ከመናገሩ በፊት ሠልጣኙ የሚመራባቸውን እሴቶች ለይቶ እንዲጽፍ ያዘዋል። ንግድን ለማስተማር የተነሣ መጽሐፍ ከዚህ መጀመሩ ያስመሰግነዋል።

ከገጾቹ ሁሉ የሚልቀው ግን አራት ጥያቄዎች የያዘው ነው። ሥራህ ምንን ያጎለብታል? ምንን ይተካል? ከቀድሞው ዘመን ምንን ያነሣል? ውሎ አድሮስ ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል? እነዚህ የነጋዴ ጥያቄዎች አይደሉም፤ የሐያሲ ናቸው። በተለይ አራተኛውን በሥዕል ትርኢት መክፈቻ ንግግሮች ውስጥ ሰምቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የጎንደርን ሊቃውንት የመስመር አሣሣል ወደ ዘመናዊ ሸራ አመጣለሁ የሚል ወጣት ይህን ገጽ በቅንነት ቢሞላ፣ ከቀድሞው ያነሣው ነገር የሥዕሉ መንፈስ ይሁን ወይም የዓይኑ ትልቅነት ብቻ፣ ራሱን ለመመርመር ይገደዳል። መምሪያው ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ በዚህ ገጽ ምክንያት በየሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መግባት የሚገባው ነበር።

የዋጋ ትምህርቱም ቢሆን ጠቃሚ ነው። በዚህ ነገር የሚያፍሩ ሠዓሊያን አሉ፤ ሐፍረቱ ግን የሚጠቅመው ገዢውን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሸራ በ30,000 ብር ተሸጠ እንበል። በዓለም ገበያ እንደተለመደው ጋለሪው ግማሹን ከወሰደ ለሠዓሊው 15,000 ብር ይቀራል። ለሸራ፣ ለቀለምና ለክፈፍ 6,000 ብር አውጥቶ ከሆነ የተረፈው 9,000 ነው። ሥዕሉ ስድስት ሳምንት ከፈጀ በሳምንት 1,500 ብር ደረሰው ማለት ነው፤ የቤት ኪራይ ገና አልተነካም። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ያልሠራ ሠዓሊ 30,000 ብር ያገኘ ይመስለዋል። ሂሳቡ ደግሞ በአንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣውን የዘይት ቀለምና አክሪሊክ በብር ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ይህ የምጣኔ ሀብት ዜና ብቻ አልነበረም፤ በቀለም ገበታው ላይ የወደቀ ጉዳይ ነበር። የዋጋ አወጣጥን ሥርዓት የተማረ ሠዓሊ በእንዲህ ያለ ጊዜ ቢያንስ ኪሳራው ከየት እንደመጣ ያውቃል።

እስከዚህ ድረስ መምሪያው የሚያስተምረው ከገዛ አገሩ ውጭም የሚሠራ ነገር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስለ ደንበኛ ሲናገር ነው። ሠልጣኙ ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና በምን መንገድ እንደሚደረስበት ለይቶ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ከዚያም ሥራውን ከዚህ ፍላጎት ጋር ያገናዝባል። ለሸማኔ፣ ለሸክላ ሠሪ፣ ለማስታወቂያ ሥራ ለሚነድፍ ባለሙያ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሠዓሊው ነገር ግን ለየት ይላል፤ ምክንያቱም ገዢው ሥዕሉን እስካላየው ድረስ እንደሚፈልገው አያውቅም። ይህን የሚያህል ልዩነት ገጹ በዝምታ ያልፈዋል።

የአማርኛው ቃል ራሱ ከመምሪያው የበለጠ ያውቃል። «ደንበኛ» በመርካቶ አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ ተመላልሶ የሚመጣ፣ በዱቤ የሚታመን፣ ሻጩ የሚያውቀውና ሻጩን የሚያውቅ ነው። ገዢው ሻጩን «ደንበኛዬ» ይለዋል፤ ሻጩም ገዢውን እንዲሁ። ከዚህም አልፎ ቃሉ «ትክክለኛ፣ ሁነኛ» የሚል ትርጉም አለው፤ ደንበኛ ሰው፣ ደንበኛ ሥራ እንደሚባለው ነው። በሥራ ወረቀቱ ላይ የተሣለው ደንበኛ ግን ዕድሜው፣ ገቢውና ልማዱ ተዘርዝሮ ከሩቅ የሚታደን ሰው ነው። በአዲስ አበባ የሥዕል ገዢ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ አብዛኛውም የውጭ አገር ነዋሪ፣ ከውጭ ለዕረፍት የሚመጣ ወገን፣ ሆቴልና ጥቂት የአገር ውስጥ ሰብሳቢ ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ገበያ ውስጥ «የደንበኛህን ፍላጎት እወቅ» ማለት በተግባር «ባለፈው የተሸጠውን ድገም» ማለት ይሆናል።

የዚህም ውጤት በሸራው ላይ ይታያል። ጀበና የያዘች ሴት፣ በነጠላ የተሸፈነ ፊት፣ መስቀል፣ የአህያና የገበያ ትዕይንት በየሱቁና በየሆቴሉ ግድግዳ የሚደጋገሙት ሠዓሊያኑ ሌላ ርዕስ ስላጡ አይደለም። የሥዕሉ መጠን እንኳ ከመንገደኛ ሻንጣ ጋር ሲመጣጠን ይታያል። ይህን ድግግሞሽ የወለደው ሥልጠናው ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፤ ታሪኩ ከሥልጠናው እጅግ ይቀድማል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የነበሩት በላቸው ይመር የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሥዕል ብዙውን ጊዜ 44 ክፍሎች ያሉት ሲሆን በብዙ እጅ ተደጋግሞ ተሠርቷል። ይሁንና የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች የሚያይ ሰው በየክፍሉ የትረካ ሥርዓት፣ የአለባበስ ዝርዝርና ለዛ ያገኛል። መድገም በራሱ ሥዕልን አይገድልም። ሥዕልን የሚገድለው ደጋሚው የሚደግመውን ነገር ማየት ሲያቆም ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሥራ ወረቀት መድኃኒት የለውም።

ገዢ በሥዕል ላይ ያለው ሥልጣንም አዲስ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ወጪውን የቻለችው ንግሥት በሥዕሉ ውስጥ ቦታዋን ይዛለች፤ ቦታው ግን ከግርጌ ነው፤ ሠዓሊውም እሷም የሚገዙለት ከፍ ያለ ሥርዓት አለና። በደርግ ዘመን መንግሥት ዋነኛ አሠሪ በሆነበት ጊዜ ደግሞ በአደባባይ የቆሙት ግዙፍ ምስሎች የአሠሪውን ፊት ከላይ አስቀምጠዋል። ዛሬ የገበያው ደንበኛ በሥዕሉ ውስጥ አይታይም፤ የሚገኘው በመጠኑ፣ በቀለሙ ልስላሴና በርዕሱ ጨዋነት ነው። የማይታይ አሠሪ ከሚታየው ይልቅ ለመቋቋም ያስቸግራል።

ወደ መምሪያው እንመለስ። በመጨረሻው ደብተር የገንዘብ ትምህርቱ ይቀርባል። ሠልጣኙ በየወሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ገንዘብ አስቀድሞ እንዲገምት ይጠየቃል። የወጪው ዓምድ በቀላሉ ይሞላል፤ ኪራይ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት፣ ቀለም። የገቢው ዓምድ ግን ለጀማሪ ሠዓሊ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የውጭ አገር ነዋሪዎች ለዕረፍት በሚሄዱበት በክረምት ገዢ ይሳሳል፤ አንድ ሥዕል በጥቅምት ተሸጦ ቀጣዩ እስከ ፋሲካ ሊቆይ ይችላል። በዚህ መካከል ያለው ጊዜ በምን ይሸፈናል? ደብተሩ ጥያቄውን በትክክል ያነሣዋል፤ መልሱን ግን ለሠልጣኙ ይተወዋል።

መምሪያው በተጻፈበት አገር ለዚህ ጥያቄ ቀደም ሲል አንድ መልስ ተሰጥቶት ነበር። የብሪታንያ መንግሥት በ1980ዎቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያካሄደው የድርጅት ጀማሪዎች አበል መርሐ ግብር፣ ሥራ ያጣ ሰው የራሱን ሥራ ሲጀምር በየሳምንቱ 40 ፓውንድ ለአንድ ዓመት ይከፍለው ነበር። ቅድመ ሁኔታው 1,000 ፓውንድ አለኝ ብሎ ማሳየት ነበር፤ ተበድረው ያሳዩም ነበሩ። መርሐ ግብሩ ለሥነ ጥበብ ታስቦ የወጣ አይደለም፤ መንግሥት የፈለገው የሥራ አጡ ቁጥር እንዲቀንስ ነበር። ሆኖም ከተጠቀሙበት መካከል ኋላ ስማቸው የገነነ ሠዓሊያን ይገኛሉ፤ ጄረሚ ዴለር አንዱ ናቸው። አበሉ በዓመት ተደምሮ 2,080 ፓውንድ ነው። በዚህ ገንዘብ ማንም አልበለጸገም፤ የተገዛው ጊዜ ነው። ወጣቱ ለአንድ ዓመት ያህል ያልተሸጠውን ሥራ መሥራት ቻለ።

የንግድ ሥልጠናው ወደ ሌላ አገር ሲሻገር የሚሻገረው ደብተሩ ነው፤ ሳምንታዊው እንጀራ ከደብተሩ ጋር አልተጫነም። ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። በኢትዮጵያ ለሠዓሊ ጊዜ ሲገዛለት የኖረው በአብዛኛው የመምህርነት ደመወዝ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1957 የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ብቻ አላፈራም፤ ለመምህራኑም ከገበያ መጠጊያ ሆኗል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሰው፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው እዚያ አስተምረዋል። ረቂቅ ሥዕል ገና እንግዳ በነበረበት ከተማ ገብረ ክርስቶስ የደንበኛን ፍላጎት አጥንተው ቢሠሩ ኖሮ ዛሬ የሚታወቁበት ሥራ ባልኖረ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምሩ መምህራንም ይህንኑ ያውቁታል፤ ከሰዓት በኋላ የሚሠሩት ሸራ በጠዋቱ ጠመኔ የተከፈለበት ነው።

መምሪያው ሳያውቀው ለዚህ ሂስ የሚያግዝ አንድ ሌላ ገጽ አለው። ሥራው ከሐሳብ እስከ ገዢ የሚያልፍባቸውን አራት ወገኖች በሥዕላዊ መግለጫ ያስቀምጣል፤ ሐሳቡን የሚያመነጭ፣ ሐሳቡን በተግባር የሚያውል፣ የሚያሠራጭና የሚገዛ። ሠልጣኙ በየሳጥኑ ሰዎችን እንዲያስቀምጥና እርስ በርስ እንዲያገናኛቸው ይታዘዛል። ለሠዓሊ ሁለቱ የመጀመሪያ ሳጥኖች አንድ ናቸው፤ አመንጪውም ሠሪውም እሱ ነው። ባዶ ሆኖ የሚቀረው ሦስተኛው ነው። ሥልጠናው በሙሉ ኃይሉ የሚያንጸው ደግሞ ቀድሞውንም ሰው ያለበትን ሳጥን ነው።

የኤልያስ ስሜ ሥራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኤልያስ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ቁልፍ፣ ጠርሙስ ክዳን፣ ኋላም ከመርካቶ የሚገዛ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒዩተር ዕቃ እየሰፉና እየገመዱ ለብዙ ዓመታት ሠሩ። ቀለም ያለው ሽቦ ከመርፌ ሥራ በተወሰደ ትዕግሥት ተጠምዝዞ ከርቀት የእርሻ ማሳ፣ ከቅርብ የከተማ ካርታ የሚመስልበት ገበታ በጥቂት ወራት የገቢ ግምት ሊታቀፍ የሚችል አይደለም። ማንም ደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጎ አያውቅምና። ሦስተኛውን ሳጥን የሞሉት ሐያሲና የትርኢት አዘጋጅ መስከረም አሰግድ ናቸው፤ ሁለቱ በጋራ ዞማን መሥርተዋል። የሳንታ ሞኒካው ትልቅ ትርኢት በ2009፣ የኒውዮርክ ጋለሪው ትርኢት በ2015 መጣ። ከምረቃ እስከዚያ 25 ዓመት ነው። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪም የሠዓሊያንን ሥራ ወደ ውጭ ትርኢቶች ሲወስድ የሚሠራው የዚያኑ ሳጥን ሥራ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ይበልጥ ያስፈልጋሉ፤ አሥር ሠዓሊ ሻጭ እንዲሆን ከማሠልጠን አንድ የትርኢት አዘጋጅ፣ አንድ የሥራ መዝጋቢ፣ አንድ የጋለሪ ሂሳብ ሠራተኛ ማሠልጠን ለአሥሩም ይበጃል።

አራተኛው ሳጥንም ቢሆን በግል ገዢ ብቻ የሚሞላ አይደለም። የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለ ቀለም መስታወት የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በዛሬው አነጋገር «ጀማሪ» ይባሉ ነበር። ያንን ሥራ ያስገኘው ሕዝባዊ ሕንፃ ሥዕል ይገባዋል ብሎ ያመነ አሠሪ ነው። ፈረንሳይ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትምህርት ቤት ግንባታ ከሚወጣው ገንዘብ አንድ በመቶውን ለሥነ ጥበብ ሥራ እንዲውል በሕግ ደንግጋለች። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ ስንት ሕንፃ እንደቆመ የሚያይ ሰው፣ የሕንፃዎቹ መግቢያ ግድግዳ ከመቶ አንድ እጅ ቢደርሰው ስንት ወጣት በሻንጣ ከሚገባ ሸራ እንደሚላቀቅ መገመት አያስቸግረውም። መንግሥታዊ አሠሪ ራሱ ቅርጽና ርዕስ የሚደነግግ ከሆነ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ምርጫው በባለሙያ ዳኞች እጅ መሆን ይኖርበታል።

ሥልጠናው እስከቀጠለ ድረስ ደብተሩ እንደገና በአማርኛ ሊጻፍ ይገባል፤ ሊተረጎም አይደለም። አራቱ የሐያሲ ጥያቄዎች ይቆዩ፤ የዋጋው ስሌትም ይቆይ። የደንበኛው ገጽ ወጥቶ በምትኩ ሕግ ይግባ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት የሚቆይ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ሸራውን መሸጥና የማባዛትን መብት መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ብዙ ሠዓሊ የሚያውቀው ከተጎዳ በኋላ ነው። ጽሑፉን ሠዓሊያን፣ መምህራንና አንድ የሕግ ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሊያዘጋጁት ይችላሉ። ለመጀመሪያው ገጽ አንድ የርክክብ ቅጽ ይበቃል፤ የሥዕሉ ስም፣ ርዝመቱና ወርዱ፣ የተሠራበት ቀለም፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ የጋለሪው ድርሻ፣ ሳይሸጥ ቢቀር የሚመለስበት ቀን፣ የሁለቱም ፊርማ።